ማንም ሳይልካት

እስቲ ጠጋ በሉ፤ ዛሬ ወደ አሜሪካዋ ዩታ ልውሰዳችሁ። ብሪገም ያንግ ሞርሞን የሚባሉትን አማኞች እየመራ እ.ኤ.አ. በ1847 ወደደረሰበት ወደ ሶልት ሌክ ሸለቆ። በዚያ አገር ሞርሞን የሚሰበሰብበትን አጥቢያ የሚወስንለት ካርታ ነው። ቤቱ ከመንገዱ ወዲህ ከሆነ እዚህ፣ ወዲያ ከሆነ እዚያ፤ ሰባኪ አማርጦ መሄድ የለም። በአጥቢያው ደመወዝተኛ ካህንም የለም። አስተማሪው ጎረቤት ነው፤ የአጥቢያው መሪ ቢሾፑም ቢሆን ሳምንቱን ሙሉ ጥርስ ሲነቅል ወይም ሒሳብ ሲያወራርድ የሚሰነብት ጎረቤት ነው። አራስ ካለች እራት በተራ ይመጣላታል። ቤት የሚቀይር ካለ ወንዶቹ ቅዳሜ ማለዳ ዕቃ ሊጭኑለት ይደርሳሉ። ዕድር ያሳደገን ሰዎች ይህን ቸርነት ልናቃልለው አንችልም፤ እኔም አላቃልለውም።

እንግዲህ በዚህ መሃል ያደገች አንዲት ሴት አስቡልኝ። ስም አላወጣላትም፤ ታሪኳ የብዙዎች ነው። አስራት ከፍላለች፣ በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ ጾማለች፣ ሕፃናት አስተምራለች። ታዲያ ቤተ ክርስቲያኒቱ ራሷ እ.ኤ.አ. በ2014 ስለ መሥራቿ ስለ ጆሴፍ ስሚዝ ብዙ ሚስቶች ያወጣችውን ጽሑፍ አነበበች። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። ሌሊት ሌሊት እያነበበች፣ እያለቀሰች፣ ማመን ተሳናት። በመጨረሻ ደብዳቤ ጽፋ ስሟን ከመዝገብ አስፋቀች።

ከዚያስ? እሑድ ሲነጋ ጎረቤቶቿ ለባብሰው በደጇ ሲያልፉ መጋረጃ ትዘጋ ጀመር። ቡና መጠጣትንም በጎልማሳነቷ ተማረች፤ ጆሴፍ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1833 ባወጣው የጤና ሕግ መሠረት ቡናና ሻይ የተከለከሉ ናቸውና። እናቷ ስትመጣ የቡና ማሽኑን ቁም ሳጥን ውስጥ ትከተዋለች። እኛ ጎረቤት የምንጠራበት ቡና እዚያ ከጎረቤት ይደበቃል፤ ይህ ነገር ሁልጊዜ ልቤን ይነካዋል። ታናሽ እህቷ በመቅደስ ስትዳርም፣ የሚገባው የፈቃድ ወረቀት ያለው አባል ብቻ ስለሆነ፣ እሷ ከሕፃናቱ ጋር ውጭ ቆማ ጠበቀች።

ደግሞ የጓደኞቿ ነገር አለ። ክፉ አልሆኑባትም። ኩኪስ ጋግረው መጡ፣ አቀፏት፣ «ያስቀየመሽ ሰው አለ?» አሏት። በአጥቢያው እየዞሩ ቤት የሚጠይቁ ሁለት ሁለት ሴቶች ይመደባሉና፣ ማን ተልኮ ማን ወዶ እንደመጣ መለየት አቃታት። ውሎ አድሮ ሌላም ነገር አስተዋለች፤ ሁሉም ሊሰጣት ይመጣል፣ ማንም ግን ምንም አይለምናትም። ድሮ «ልጄን ያዢልኝ፣ ፒያኖ ምቺልን፣ ለአራሷ ሾርባ ሥሪላት» ሲሏት ትውል ነበር። አሁን እንደ ታማሚ ይጠይቋታል። እኔ ከሁሉ የከበዳት ይህ ይመስለኛል።

እናላችሁ፣ አንድ ማክሰኞ የድሮ ወዳጇ በሩን ሳታንኳኳ ገባች። ይህች ሴት ዛሬም አማኝ ናት። የቡና ማሽኑ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ለመደበቅ ጊዜ አልተገኘም።

«ከአጥቢያው ልከውሽ ነው?»

«ማን ይልከኛል? ስምሽ እኮ ከዝርዝሩ ወጥቷል።»

«ታዲያ...»

«መሄድሽ ያሳዝነኛል፤ አልዋሽሽም። ለምን እንደሄድሽም አልገባኝም።» ወንበር ስባ ተቀመጠች። «አሁን ግን ጭንቅ ላይ ነኝ። ሐሙስ እናቴን ሐኪም ቤት እወስዳለሁ። ልጆቹን ከትምህርት ቤት ታመጪልኛለሽ?»

«በስንት ሰዓት ነው የሚወጡት?» አለቻት።