ስለ ልጅ አደራ

አባቶቻችን «አደራ ጥብቅ፥ ሰማይ ሩቅ» ይላሉ። ከአደራም ሁሉ የሚከብደው የልጅ አደራ ነው፤ ገንዘብ ቢጠፋ በገንዘብ ይተካል፥ ልጅ ግን ቢጠፋ የሚተካው የለምና። ቀድሞ በቅኔ ቤት ደቀ መዝሙሬ የነበረ፥ ዛሬ በአሜሪካ በሜሪላንድ ግዛት ሁለት ልጆች የሚያሳድግ ሰው ከጥቂት ጊዜ በፊት በስልክ ጠየቀኝ። «የኔታ፥ በዚህ አገር ልጄ በትምህርት ቤት በምን ስም እንደሚጠራ እኔ ሳላውቅ ሊወሰን ይችላል ተብሎ ወላጆች ተሟግተዋል። አባቶቻችን እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥማቸው ምን ያደርጉ ነበር?» አለኝ። አጭር መልስ ሰጠሁት፤ ነገር ግን መልሴ ራሴንም አላረካኝምና፥ ታሪኩን ከሥሩ ጀምሬ ለእርሱም ለአንባቢዎችም ልገልጸው ወደድሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዋሽንግተን ከተማ አጠገብ ሞንትጎመሪ ካውንቲ የሚባል የሜሪላንድ አውራጃ አለ፤ ሲልቨር ስፕሪንግና ሮክቪል የሚባሉት ሥፍራዎች በዚሁ ውስጥ ናቸው፤ ብዙ ኢትዮጵያውያንም ይኖሩበታል። የአውራጃው የትምህርት ቦርድ በፈረንጆች አቆጣጠር ለ2020–2021 የትምህርት ዘመን አንድ መመሪያ አወጣ። መመሪያው ትራንስጀንደር ስለሚባሉት፥ ይኸውም በተወለዱበት ጾታ ሳይሆን በሌላ ጾታ መታወቅን ስለሚሹ ተማሪዎች ነው። እንዲህ ያለው ተማሪ ራሱ በመረጠው ስምና አጠራር እንዲጠራ፥ የድጋፍ ዕቅድ የሚባል ጽሑፍም እንዲዘጋጅለት ያዝዛል። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ወላጆችን ከማነጋገሩ አስቀድሞ ልጁ በቤቱ ድጋፍ ያለው መሆኑን ከራሱ ከልጁ እንዲረዳ ይነግረዋል፤ ቤቱ የማይደግፈው መስሎ ከታየም ነገሩ ከወላጆቹ ተሰውሮ ሊቆይ ይችላል።

ቦርዱ ይህን ያደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። ምስጢሩ በቤቱ ቢታወቅ የሚደበደብ ወይም ከቤት የሚባረር ልጅ ይኖራል ብሎ ነው። ይህን ምክንያት ከንቱ ነው ብሎ መጣል ፍርደ ገምድልነት ይሆናል፤ ከአባቱ ዱላ ሸሽቶ በመምህር እግር ሥር የወደቀ ልጅ በእኛም አገር ሞልቷልና።

ሦስት ወላጆች ግን ስማቸውን ሳይገልጹ መመሪያውን በፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሱ። የመጀመሪያው ዳኛ በነሐሴ ወር 2014 ዓ.ም. ክሱን ዘጋው። የይግባኙም ፍርድ ቤት ነሐሴ 8 ቀን 2015 ዓ.ም. ሁለት ዳኞች በአንድ ወገን፥ አንዱ በሌላው ወገን ሆነው፥ «ወላጆቹ የመክሰስ መብት የላቸውም» ብሎ ፈረደ። ምክንያቱም ወላጆቹ «የእኛ ልጆች እንዲህ ያሉ ናቸው፤ ዕቅዱም ተዘጋጅቶላቸዋል» አላሉም፤ ስለዚህ የደረሰባቸው ጉዳት የለም፤ የፖሊሲ ተቃውሞ ከሆነም በምርጫ ድምፅ ይገለጽ ተባለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በግንቦት ወር 2016 ዓ.ም. ነገሩን ለማየት ሳይቀበል ቀረ።

አንባቢ ሆይ፥ እዚህ ላይ ጥቂት ቁም። ፍርድ ቤቱ መመሪያው ትክክል ነው አላለም፤ ስሕተት ነውም አላለም። ነገር ግን ከወላጅ የተሰወረውን ነገር ወላጅ ካላወቀው «ተጎዳሁ» ብሎ እንዴት ይከሳል? የሚከስ ካወቀ ነው፤ ካወቀም ነገሩ አልተሰወረበትም። ለቅኔ ተማሪ ቢሰጥ ሰሙና ወርቁ እርስ በርሱ የተጠላለፈ እንቆቅልሽ ነው።

በዚያው አውራጃ ሌላ ሙግት ደግሞ ተነሣ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ቦርዱ ስለ ጾታና ስለ ተመሳሳይ ጾታ ፍቅር የሚናገሩ የተረት መጻሕፍት በሕፃናት ክፍል ጭምር እንዲነበቡ አደረገ፤ ከእነርሱም አንዱ የአንድ ትራንስጀንደር ልጅ ታሪክ ነው። አስቀድሞ ወላጆች ይነገራቸው ነበር፤ ያልፈቀደም ልጁን ከንባቡ ያስወጣ ነበር። በመጋቢት ወር ግን ቦርዱ «ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ ማስታወቅም ማስወጣትም የለም» አለ። በዚህ ጊዜ ከሁሉ ይልቅ የተነሡት እስላሞችና የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን እንደ ነበሩ ተዘግቧል። ሰኔ 20 ቀን 2015 ዓ.ም. በሮክቪል በቦርዱ ደጅ በብዙ መቶ የሚቈጠሩ ሰዎች ቆሙ። በአገራቸው በአንድ ገበያ የሚውሉ፥ በአንድ ማዕድ ግን የማይቀርቡ የሁለት ሃይማኖት ሰዎች በባዕድ አገር በአንድ ደጅ አብረው መቆማቸው ራሱ በታሪክ ሊጻፍ የሚገባው ነው።

ክሱን ያቀረቡት የእስላም፥ የካቶሊክና የኦርቶዶክስ ወላጆች በሁለቱ የበታች ፍርድ ቤቶች ተረቱ። በጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በሮክቪል ደጅ ከቆሙ ልክ በሁለት ዓመቱ፥ ሰኔ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.፥ ስድስት ዳኞች ለወላጆቹ፥ ሦስት ዳኞች በተቃራኒው ሆነው፥ ሙግቱ እስኪያልቅ ድረስ ቦርዱ መጻሕፍቱ ከመነበባቸው በፊት ለወላጆች እንዲያስታውቅና ልጆቻቸውን እንዲያስወጡ እንዲፈቅድ ተፈረደ። ልብ በሉ፤ መጻሕፍቱ ይቃጠሉ አልተባለም፤ የሌላው ሰው ልጅ አያንብብ አልተባለም። የተፈረደው «ለወላጅ አትሰውሩ» የሚል ብቻ ነው። የተቃወሙት ዳኞች ደግሞ ልዩ ልዩ ሕዝብ በሚማርበት ትምህርት ቤት እያንዳንዱ ቤት የማይወደውን ሁሉ እያስወጣ ቢሄድ የጋራ ትምህርት ይፈርሳል ብለው ሠጉ። ይህም ሥጋት ሊሰማ የሚገባው ነው።

እንግዲህ «አባቶቻችን ምን ያደርጉ ነበር?» ወደ ተባለው ጥያቄ ልመለስ። ስለ ጾታ እንዲህ ያለ መመሪያ በአገራችን ትምህርት ቤት ሲወጣ አላየንም። ነገር ግን ከላይ ያለ ሹም ቤተ ሰቡን ሳይጠይቅ የልጁን ስምና ማንነት ሊለውጥ የተነሣበት ጊዜ በጎንደር አገር ታሪክ ውስጥ አለ።

ዐፄ ሱስንዮስ በ1614 ዓ.ም. የካቶሊክን ሃይማኖት በግልጽ ተቀበሉ። በ1617 ዓ.ም. ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ መጣ፤ ከዚያም በኋላ ሕዝቡ ዳግመኛ እንዲጠመቅ፥ ካህናቱ ዳግመኛ እንዲካኑ፥ ጾሙና በዓሉ እንዲለወጥ ታዘዘ። ጥምቀት ማለት ስም ማለት ነው፤ ስለዚህ ትእዛዙ ከእያንዳንዱ ቤት ገብቶ የልጁን ስም ነካ። ገበሬው ተነሣ፤ በወይና ደጋ ጦርነት ብዙ ሺህ ሰው አለቀ። ንጉሡም ያን ሁሉ ሬሳ ካዩ በኋላ በ1624 ዓ.ም. የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ አዋጅ አስነገሩ፤ መንግሥቱንም ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ዐፄ ፋሲልም በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ቈረቈሩ። ከተማችን የተመሠረተችው እንግዲህ አንድ ትእዛዝ የሕዝቡን ቤት ጥሶ በገባ ጊዜ ከፈሰሰው ደም በኋላ ነው።

ይህን ስንተርክ ደስ ይለናል፤ በዳዩ ሌላ፥ ተበዳዩ እኛ ነንና። ታሪክ ግን ሚዛን ነው። በ1852 ዓ.ም. በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ሄንሪ ስተርን የሚባል ሚስዮናዊ መጥቶ በደምቢያ በጀንዳ ለቤተ እስራኤል ስብከትና ትምህርት እንዲጀመር አስፈቀደ። ፈቃዱ የተሰጠው የሚያምኑት ሁሉ በእኛ ቤተ ክርስቲያን እንዲጠመቁ ተብሎ ነው። እንግዲህ የቤተ እስራኤል አባት ልጁ ፊደል ሊቈጥር ሄዶ በሌላ ስም ተጠርቶ ቢመለስ ኀዘኑ ከእኛ ኀዘን በምን ያንሳል? ከሁለት ዓመት በኋላ አባ ማሕሪ የሚባሉት መነኩሴያቸው ብዙ ሕዝብ አስከትለው ወደ ተስፋይቱ ምድር እንሄዳለን ብለው ወደ ቀይ ባሕር ተነሡ፤ ከመንገዱም ብዙ ሰው በረኀብና በበሽታ አለቀ። ለዚህ ስደት ካነሣሡት ነገሮች አንዱ ያ ስብከት ነበር። ስለዚህ የወላጅ መብት የምንለው የእኛ ቤት ሲነካ ብቻ ከሆነ መብት ሳይሆን ወገንተኝነት ነው።

ደግሞም ስለ ራሳችን ትምህርት ቤት እውነቱን እንናገር። የአብነት ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቦ፥ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከጎጃም፥ ከወሎ፥ ከትግራይ ወደ ጎንደር ሲመጣ፥ ስንቱ በአባቱ ምርቃት መጣ? ስንቱስ ጠፍቶ መጣ? የቤት ስሙን ትቶ በክርስትና ስሙ የሚጠራ፥ አባቱ ቢፈልገው እንዳያገኘው አገሩን የሚደብቅ ብዙ ነበር። እኛም ይህን የትምህርት ፍቅር ነው እያልን እናመሰግነዋለን። በስምና በምስጢር ሌላውን ከመክሰሳችን በፊት ይህን ማሰብ ይገባናል።

እኔም ከወገራ ደጋ በዐሥራ አንድ ዓመቴ ከከብት ጥበቃ ጠፍቼ ወደ ቅኔ ቤት የገባሁ ነኝ። አባቴ ለእርሻ ይፈልጉኝ ነበር፤ ቊጣቸውንም እፈራ ነበርና ለየኔታ ስሜንም አገሬንም ለውጬ ነገርሁ። የኔታ ዝም ብለው ተቀበሉኝ። በሁለተኛው ሳምንት ግን ማታ ከጎጇቸው አስጠርተው፥ «ልጄ፥ እናትህ ዛሬ እህል የቀመሰች ይመስልሃል?» አሉኝ። አለቀስሁ፤ እውነቱንም ነገርሁ። እርሳቸውም በማግሥቱ በአንድ ገበያተኛ እጅ «ልጅህ በእጄ አለ፤ ሰውሬ አላስቀርብህም፤ ና እንነጋገር። ነገር ግን በዱላ አትምጣ» ብለው ለአባቴ ላኩ። አባቴም መጡ፤ ዱላቸውን ከደጅ ጥለው ገቡ። ሁለቱ ምን እንደ ተነጋገሩ አላወቅሁም፤ እኔ ግን ቀረሁ፤ አባቴም በየዓመቱ ለመኸር ጭብጦ ያመጡልኝ ጀመር። የኔታ ለእኔም ለአባቴም ታመኑ፤ ምስጢሬን ለዱላ አልሰጡም፥ አባቴንም በጨለማ አላስቀሩም።

በስንክሳራችን የምትነበበው እንባ መሪናም የምታስተምረን አለ። አባትዋ ሊመነኩስ በወደደ ጊዜ ከእርሱ መለየት ስላልወደደች ጠጕርዋን ላጭቶ፥ የወንድ ልብስ አልብሶ፥ ስምዋን መሪኖስ ብሎ ወደ ወንዶች ገዳም ይዟት ገባ፤ ሴትነትዋም እስክትሞት ድረስ አልታወቀም። ይህ የቅድስና ተጋድሎ ነውና ለዛሬው ክርክር ለአንዱም ወገን ማስረጃ አድርጌ አላቀርበውም። ነገር ግን ልብሱና ስሙ ሲለወጥ አባትዋ ከጎንዋ ነበረ፤ ከእርሱ የተሰወረ ነገር አልነበረም።

ደቀ መዝሙሬ ከዚህ ሌላ ያስቸገረውን ነገር ነግሮኛል። በእንግሊዝኛ ክርክሩ «እርሱ» ወይስ «እርስዋ» በሚለው ላይ ነው፤ ልጁን ፊት ለፊት ሲያነጋግሩት ቋንቋው ወንድና ሴት አይለይም። በእኛ ቋንቋ ግን ና እና ነይ፥ ብላ እና ብዪ ሳይለይ ልጅን ወደ ማዕድ እንኳ መጥራት አይቻልም። አንድን ሰው ጾታን ሳይለይ የሚጠራው እንደ «እርስዎ» ያለ ቃል ነው፤ እርሱም የአክብሮት ነው እንጂ እናት ልጅዋን የምትጠራበት አይደለም። እንግዲህ በትምህርት ቤት በአንድ አጠራር፥ በቤቱ በሌላ የሚጠራ ልጅ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ድንበር ይሻገራል። ይህን ሸክም ብቻውን የሚሸከመው ቦርዱ አይደለም፤ አባትም አይደለም፤ ያው ሕፃን ነው።

የአገራችን ሕገ መንግሥት በ1987 ዓ.ም. ሲጸድቅ በ36ኛው አንቀጽ ሁለቱን ነገር በአንድ ላይ አኖረ። ሕፃን ወላጆቹን የማወቅና የእነርሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት አለው አለ፤ በዚያው አንቀጽ ደግሞ በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ እንዲሆን አዘዘ። እንክብካቤ የታዘዘው ለወላጅ ነው፤ ዱላ የተከለከለው ለመምህር ነው፤ ነገር ግን ዱላው በቤት ውስጥ ካለ እንክብካቤው የት አለ?

ስለዚህ ለደቀ መዝሙሬ መልሴ ይህ ነው። ቦርዱ ለአንተ እንዲያስታውቅ መሟገትህ መልካም ነው፤ ልጅን ተቀብሎ ለቤቱ የማይነግር መምህር አደራ በላ ነውና። ነገር ግን ፍርድ ቤት «ይነገረው» ብሎ ቢፈርድልህ፥ በተነገረህ ቀን ምን ታደርጋለህ? ልጅህ ያስጨነቀውን ነገር ከመምህሩ ይልቅ ለአንተ አስቀድሞ ይነግርሃልን? ይህን የሚፈርድልህ ዳኛ የለም። አባቴ በዚያ ቀን ዱላቸውን ከደጅ ባይጥሉ ኖሮ፥ የኔታ መላካቸው ምን በጠቀመኝ?