በክረምት የሚከፈት በር

ስሙኝማ! የኢሉባቦርን ርቀት በኪሎ ሜትር ብቻ የለካ ሰው ተሞኝቷል። ካርታ ዘርግታችሁ ከአዲስ አበባ እስከ ዋና ከተማው መቱ ማስመሪያ ብታጋድሙ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። መኪናው ግን ጅማ ብሎ፣ አጋሮ ብሎ፣ ዴዴሳን ተሻግሮ፣ በደሌን አልፎ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ይጠማዘዛል። በአየርስ? ከአዲስ አበባ የተነሳ የጋምቤላ አውሮፕላን ቀጥ ካለ መቱን በግራ ክንፉ በኩል ትቷት ያልፋል። አንድ ሰዓት ትንሽ ፈቀቅ ሲል ጋምቤላ ነው። ከዚያ የወረደ ሰው መቱ መመለስ ቢያምረው 170 ኪሎ ሜትር ያህል ወደኋላ ይጠብቀዋል፤ ያውም ከጋምቤላ ቆላ ተነስቶ 2,000 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ወደተቀመጠችው፣ መንገዱ ላይ ወዳለችው ጎሬ ዳገቱን እየቧጠጠ።

አሁን ወደ ዋናው ወሬ ልግባ። በ1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ውል ባሮ ወንዝ ዳር ለንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት ፈቀዱ። ጋምቤላ የተቆረቆረችው በዚህ ነው። ከካርቱም የተነሳች የእንፋሎት መርከብ ነጭ ዓባይን ሽቅብ ወጥታ፣ ወደ ሶባት ታጥፋ፣ ባሮን ይዛ ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛ እዚያ ትደርስ ነበር።

መቼ? ጉዱ እዚህ ላይ ነው፤ በክረምት! ሌላው አገር በክረምት ወንዝ ሞልቶ፣ በቅሎ ጭቃ ውስጥ ሰምጦ፣ ነጋዴ ቤቱ ይከታል። የኢሉባቦር በር ግን የሚከፈተው ያኔ ነበር፤ ባሮ መርከብ የሚሸከመው ከሰኔ እስከ ጥቅምት ግድም ነዋ! ቡናው ደግሞ ለቀማው የሚደርሰው ውሃው መጉደል ሲጀምር ነው። አያችሁ እንዴት እንደተላለፉ! ስለዚህ ነጋዴው በበጋ፣ መሬቱ ሳይላቁጥ፣ ቡናውን በበቅሎና በሰው ሸክም ከጎሬ በቡሬ አድርጎ ቁልቁል ያወርዳል። ቡናው ጋምቤላ መጋዘን ውስጥ ተቆልሎ ዝናብ ይጠብቃል። መርከቧ ስትመጣ ጨውና አቡጀዲ ታራግፋለች፤ ቡናና ሰም ትጭናለች።

ጎሬ በዚህ ሞቀች። ግሪኩም ሶርያዊውም ሱቅ ከፈተ፤ የእንግሊዝ ቆንስላ ተተከለ። ለጎሬ ነጋዴ ሩቋ ካርቱም ሳትሆን አዲስ አበባ ነበረች፤ የበቅሎ መንገዷ ሳምንታት ይበላ ነበር።

በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጣልያን እጅ ስትወድቅ፣ የመንግሥቱ ቅሪት በቢትወደድ ወልደ ጻድቅ መሪነት ጎሬ ላይ መቀመጡ በአጋጣሚ አይመስለኝም። በስተጀርባዋ የጋምቤላ በር ነበረ። ጣልያን ጎሬ የገባው ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ኅዳር 1929 ላይ ነው።

ሱዳን ከእንግሊዝ አገዛዝ ነጻ በወጣችበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1956፣ የጋምቤላ ጣቢያ ለኢትዮጵያ ተመለሰ። የመኪና መንገዱም እየጠና ሲሄድ ቡናው ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዞረ። ዛሬ የመቱ ቡና ባሕር ማዶ ለመሻገር ለባሮ ጀርባውን ሰጥቶ መጀመሪያ አዲስ አበባ ይወጣል፤ ከዚያ ጅቡቲ ይወርዳል።