ቀብድ ሲቆጠር

ጠጋ ጠጋ በሉማ፤ የቆሰበር ብርድ በር ላይ ቆሞ ወሬ አያሰማም። በካርታው እንጅባራ ነው፤ የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ። የአገሬው ሰው ግን ቆሰበር ማለቱን ዛሬም አልተወም። የምነግራችሁ የሰፈር ትረካ ነው፤ ለሰዎቹ ስም አላወጣሁላቸውም። ሕጉን ግን ከተጻፈው አላጎድልም።

አንድ መምህር ነበር። ከደሞዙ የቆጠበውን፣ የደረሰውን ዕቁብና ከወንድሙ የተበደረውን አንድ ላይ አድርጎ ቤት ሊገዛ ተነሣ። ደላላው በቻግኒ መንገድ በኩል ወስዶ አንድ ቤት አሳየው፤ የእንጨትና የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ የቀርከሃ አጥር፣ ጓሮው ድንች። መምህሩ ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳ፣ ቆርቆሮው ያፈስ እንደሆነ ጠየቀ፣ የውኃና የመብራት ቆጣሪውን አየ። አንድም ወረቀት ግን አላየም። ሁላችንም እንዲሁ አይደለን?

ደላላው ደግሞ ምላሱ ቅቤ ነው። «መምህር፣ ይኼ ካልጣመህ ከከተማው ዳር ከገበሬ ላይ ቦታ አስገዛሃለሁ፤ በግማሽ ዋጋ!» አለው። መምህሩ እንኳን እምቢ አለ። መሬትማ አይሸጥም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት አደረገ፤ የ1987ቱም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ብሎ አጸናው። ከከተማ የሚገዛው በቦታው ላይ ያለው ቤት ነው፤ ቦታው የመጠቀም መብት ሆኖ ቤቱን ተከትሎ ይሄዳል። ከገበሬ ማሳ ላይ በሌሊት የሚቆም ጨረቃ ቤት ግን የሚከተለው ምንም ነገር የለም፤ ዶዘር ካልሆነ በቀር።

እና ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ፣ ሣር ተጎዘጎዘ፣ የቀብዱ ብር ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። መቆጠር ሲጀምር ነው ያ ሰውዬ የገባው፤ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ሲጽፍ ያረጀ፣ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ የሚለው።

«ብሩን እዚያው ተወው ልጄ። ካርታው በማን ስም ነው?»

«በእኔ ነዋ» አለ ሻጭ።

«ባለቤትህስ ምን አለች?»

«እሷማ ቡና እያፈላች ነው።»

ሴትዮዋ ረከቦቱን ይዛ ብቅ አለች። «እኔ ቤቱ አይሸጥ አላልኩም፤ ግን ማን ጠየቀኝ?» ሽማግሌዎቹ ተያዩ። በዚህ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 79/1995፣ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የባልና የሚስት ስምምነት ያስፈልጋል። ካርታው በባል ስም ብቻ መሆኑ ቤቱን የባል ብቻ አያደርገውም። እሷ ሳትፈርም የተገዛ ቤት ነገ ችሎት ፊት ይቀርባል።

መምህሩ ደነገጠ። «ቀብዱን ከፍዬ ቢሆን ኖሮስ ጋሼ?»

«በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ የሰጠ ውሉን ከተወ ቀብዱ ቀረበት፤ የተቀበለ ከተወ እጥፉን ይመልሳል። አንተ በገዛ እጅህ ብታፈርሰው ብርህ ቀርቶ ነበር። መጀመሪያ ጠይቅ፣ ቀብድ ኋላ ይደርሳል።»

ሻጭ ይሄን ጊዜ ማጉረምረም ጀመረ። «ለዘመድ ቤት ይሄ ሁሉ ምንድን ነው? ሽማግሌ አለ፣ ምስክር አለ፤ እዚሁ እንፈራረም!»

እዚህ ላይ ትንሽ ቆዩልኝ፤ የአገሩ ሰው ሁሉ የሚሰናከለው እዚህች ላይ ነው። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2877 የቤት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም ይላል። በቁጥር 1723 ደግሞ ይሄው ጽሑፍ በፍርድ ቤት ወይም ሥልጣን ባለው አዋዋይ ፊት ይሁን ይላል። ሰው ግን በሰፈር ውል ሲገዛና ሲሸጥ ኖረ። በ1999 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 ቁርጡን ተናገረ፤ በዚያ መልክ ያልተደረገ የቤት ሽያጭ ውል ረቂቅ ነው አለ። ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ጀምሮ የሰበር ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ያስገድዳል። እንግዲህ አስቡት፤ ቤት ሸጦ፣ ብር በልቶ፣ ዋጋ ሲወደድ ልቡ ለተመለሰ ሻጭ ምን ዓይነት በር ተከፈተለት! ችሎቱ ቆይቶ በሌላ መዝገብ በሩን ገርበብ አደረገው፤ ሻጩ መሸጡን ካመነ ውሉ አልተመዘገበም ብሎ ማፍረስ አይችልም አለ። ካመነ ነው እንግዲህ። ከካደስ? በእኔ አስተያየት በሻጭ ኅሊና ላይ ቤት አይሠራም።

ጋሼም ይሄንኑ በአጭሩ ነገራቸውና «አዋዋዩ ፊት ፈርማችሁም አላለቀም» ሲል ጨመረ። «በቁጥር 1185 የቤት ባለቤትነት የሚተላለፈው በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ሲጻፍ ነው። ማዘጋጃ ቤት ስሙ ካልዞረ የሻጭ አበዳሪ መጥቶ ያሳግድብሃል። ስለዚህ ከመፈረምህ በፊት ከዕዳና ከእገዳ ነፃ ነው የሚል ደብዳቤ ይምጣ። ባንክ አስይዞት እንደሆነ የሚታወቀው ከዚያ ነው።»

ደላላው ጣልቃ ገባ። «ለቴምብር ቀረጡ እንዲቀል ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንጻፍ።» በአዋጅ ቁጥር 110/1990 ለስም ማዛወር የሚከፈለው የቴምብር ቀረጥ ከመቶ 2 ነው፤ ለዚያ ሲባል የሚደረገውን ታውቁታላችሁ።

«ውሉ ቢፈርስ የሚመለስልህ የተጻፈው ነው» አለ ጋሼ ወደ መምህሩ ዞሮ። «የቀረውን ከደላላው ትቀበላለህ?» ደላላው ቡናውን ፉት አለ።

የውክልናም ነገር ተነሣ፤ ሻጭ ወንድሜ አዲስ አበባ ነው፣ ድርሻ አለው፣ «ሙሉ ውክልና» ሰጥቶኛል አለ። ሙሉ የሚለው ቃል ጆሮ ይሞላል እንጂ ቤት አያሸጥም። የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፤ ወረቀቱ ላይ «እንዲሸጥ» የሚል ከሌለ ወንድምየው ራሱ ይምጣ ወይ ሌላ ይላክ። ወካይ ከሞተ ደግሞ ውክልናውም አብሮት ያበቃል፤ ቀኑን ብቻ ሳይሆን ሰውየውንም ጠይቁ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ጉዳዩ ተንዛዛ። አዲስ ውክልና መጣ፣ ደብዳቤው ተጻፈ፣ ባልና ሚስት አዋዋይ ፊት ቀርበው ፈረሙ። ብሩ በባንክ ተላለፈ፤ ከፊሉ ሲፈራረሙ፣ ቀሪው ስሙ ሲዞር ተብሎ ውሉ ላይ ሰፈረ። ይሄን ያስጻፈው መምህሩ ራሱ ነው፤ ተምሯል ማለት ነው።

ያን ዕለት ሊፈርሙ ሲሉ ሴትዮዋ እጇን አንሥታ ነበር። «የጓሮው ድንችስ?»

አዋዋዩ ሳቀ፤ ጋሼ ግን አልሳቀም። በሕጉ ዛፍና ሰብል ከመሬቱ እስኪለይ ድረስ የመሬቱ አካል ነው። ዝም ከተባለ ድንቹም ቀርከሃውም ከቤቱ ጋር ለገዢ ይሄዳል። ውሉ ላይ አንዲት መስመር ተጨመረች፤ ድንቹን ሻጮች ቆፍረው ይወስዳሉ፣ ቀርከሃው አይነካም። ሴትዮዋ አስነብባ ሰማችና ፈረመች።