የሌሊት ወፍና መልካም ዕድል በቻይና ጌጥ ላይ

የሌሊት ወፍ መልክ የላትም ብንል የሚከራከረን ያለ አይመስለንም። በቻይና አገር ግን በሸክላ ሳሕን (ሲኒ የምንለው ቃል እንኳ በዐረብኛ «የቻይና» ማለት ነው)፥ በሐር ልብስና በተቀረጸ እንጨት ላይ ይህችው የሌሊት ወፍ በክብር ተሥላ ትገኛለች። እኛ የታሪክ ክፍል ተማሪዎች ምክንያቱን በመረመርን ጊዜ፥ ነገሩ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ እንዳይደለ ተረዳን።

በቻይና ቋንቋ በድምፅ አንድ፥ በጽሕፈት ግን ልዩ ልዩ የሆኑ ቃላት ይበዛሉ። የሌሊት ወፍ ስም «ፉ» በሚል ድምፅ ያበቃል፤ መልካም ዕድልም «ፉ» ይባላል። ስለዚህ ሠዓሊው ወፊቱን ቢሥል ተመልካቹ ዕድልን ያነባል፤ ወፊቱ ሰም፥ ዕድል ወርቅ መሆኑ ነው። አምስት ሆነው ሲሣሉ አምስቱን በረከቶች ያመለክታሉ፤ እነርሱም ረጅም ዕድሜ፥ ሀብት፥ ጤና፥ በጎ ምግባርን መውደድና በሰላም ማረፍ ናቸው። ወፊቱ ተዘቅዝቃ ብትሣል ደግሞ «ተዘቀዘቀ» እና «ደረሰ» የሚሉት ቃላት በድምፅ ስለሚገጥሙ «ዕድል ደረሰ» ተብሎ ይነበባል። ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን ይህ ነው። ዓሣም እንዲሁ ስሙ «ዩ» ሲሆን፥ ከዓመት ዓመት የሚተርፍ ሀብትም በዚሁ ድምፅ ይጠራል፤ ስለዚህ በአዲስ ዓመት ሥዕል ላይ ወፍራም ሕፃን ትልቅ ዓሣ አቅፎ ይታያል።

አንዳንዱን እንስሳ ግን ያከበረው ድምፅ ሳይሆን ሥልጣን ነው። አምስት ጥፍር ያለው ዘንዶ ለንጉሠ ነገሥቱና ለቤተ ሰቡ የተጠበቀ ነበር። በ1391 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የሚንግ መንግሥት ባወጣው ደንብ የሲቪል ሹማምንት ወፍ፥ የጦር ሹማምንት አውሬ የተጠለፈበት ጨርቅ በደረታቸው ላይ እንዲያደርጉ ታዘዘ፤ ማዕርጋቸውም በእንስሳው ዐይነት ይታወቅ ነበር። በ1912 ዘውዱ ሲወድቅ ይህ የሹመት ምልክት ቀረ።

በድምፅ የቆመው ግን ከአዋጅ ስላልተወለደ በአዋጅ አልጠፋም። በዛሬው ጊዜ ፋብሪካዎች ዘንዶውን በሸሚዝና በሻይ ቆርቆሮ ላይ እንዲያው ለጌጥ ያትሙታል፤ ይህ በእኛ አስተያየት ፊደል ሳያውቁ መጽሐፍ እንደ መገልበጥ ነው። ሁሉም ግን እንዲህ አላደረገም። ለ2008ቱ የቤይጂንግ ኦሊምፒክ አምስት አሻንጉሊቶች ምልክት ሆነው ተሠሩ፤ ከእነርሱም አንዷ ዓሣ ነበረች፥ ትርጓሜዋም ያው ብልጽግና ነው። ስማቸው ቤይቤይ፥ ጂንግጂንግ፥ ሁዋንሁዋን፥ ዪንግዪንግና ኒኒ ነበር። ከእያንዳንዱ ስም አንድ አንድ ድምፅ ተወስዶ ሲገጣጠም «ቤይጂንግ ሁዋንዪንግ ኒ» ይሆናል፤ ይኸውም «ቤይጂንግ በደስታ ትቀበልሃለች» ማለት ነው።