ቲማቲምን በዱር ዝርያ ሥር ላይ ማዳቀል፦ ምንነቱ፣ አሠራሩና ጥንቃቄው

ቲማቲምን በአንድ ማሳ ላይ ደጋግሞ ማልማት በአፈር ወለድ በሽታዎች ያስጠቃል። ከእነዚህ መካከል ባክቴሪያ አመጣሹ የጠውልግ በሽታ ቀዳሚው ነው። የታመመው ተክል ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ በቀናት ውስጥ ጠውልጎ ይደርቃል። ከሥሩ አጠገብ የተቆረጠ ግንድ በንጹሕ ውኃ ውስጥ ሲነከር ወተት የመሰለ ፈሳሽ እንደ ክር ከወረደ የበሽታው ምልክት ነው። ባክቴሪያው በአፈር ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆይ የታመመውን ተክል በኬሚካል ማዳን አይቻልም።

መፍትሔ ከሆኑት ዘዴዎች አንዱ የተፈላጊውን ቲማቲም ጫፍ በሽታን በሚቋቋም ሌላ ተክል ሥር ላይ ማዳቀል ነው። ፍሬው የላይኛው ዝርያ ሆኖ ሲቀጥል፣ ከአፈሩ ጋር የሚታገለው የታችኛው ሥር ነው። በአንዲስ ተራሮች የሚገኙ የቲማቲም የዱር ዘመዶች ከለማው ቲማቲም ጋር ተዳቅለው ጠንካራ ሥር የሚሰጡ ዝርያዎች ተገኝተዋል። መቀመጫውን ታይዋን ያደረገው የዓለም የአትክልት ማዕከል ደግሞ ጠውልግን የሚቋቋሙ የደበርጃን ዝርያዎችን ለዚሁ ተግባር ይመክራል። የደበርጃን ሥር ውኃ ለተወሰኑ ቀናት ቢተኛበትም ይቋቋማል።

አሠራሩ

የሁለቱ ችግኞች ግንድ እኩል ውፍረት ሊኖረው ይገባል። ደበርጃን ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ዘሩ ከቲማቲሙ ቀናት ቀድሞ ይዘራል። ግንዱ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ሲወፍር ሁለቱም በንጹሕ ምላጭ በሰያፍ ይቆረጣሉ፤ ቁስላቸው ተገጣጥሞ በቀጭን የላስቲክ ቱቦ ይያዛል። ከዚያም ችግኙ ጥላና ከፍተኛ እርጥበት ባለው የላስቲክ ዳስ ውስጥ ከ7 እስከ 10 ቀናት ይቆያል፤ ብርሃንና ነፋስም ቀስ በቀስ ይለማመዳል። በማሳ ሲተከል መጋጠሚያው ከአፈር በላይ መሆን አለበት። አፈር ከነካው የላይኛው ተክል የራሱን ሥር ያወጣና በሽታው በዚያ ይገባል። ከታችኛው ግንድ የሚወጣ ቅርንጫፍም ይነቀላል።

ጥንቃቄ

የዱር ተክል ሁሉ ለዚህ አይሆንም። በተለይ በየመንገዱ ዳር የሚበቅለው አስተናግር የቲማቲም ዘመድ ቢሆንም መርዙን የሚሠራው በሥሩ ነው፤ መርዙም ወደ ፍሬው ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት በአስተናግር ላይ የተዳቀለ ቲማቲም የበሉ ሰዎች ተመርዘዋል።

ማዳቀል ቅጠልና ፍሬን የሚያጠቁ ተባዮችንና በሽታዎችን አይከላከልም፤ የችግኝ ወጪንም ይጨምራል። ስለዚህ ጠውልግ በታየበት ማሳ ላይ በመጀመሪያ ጥቂት መስመሮችን ካልተዳቀለው ጎን ተክሎ ምርቱን ማነጻጸር ይመረጣል።