ሳይኮሎጂን በኮሚኒቲ ኮሌጅ ጀምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲ መዛወር፦ ከመጀመራችሁ በፊት ማወቅ ያለባችሁ

ከካምፕ በተደጋጋሚ የሚደርሰኝ ጥያቄ "አሜሪካ ብገባ መማር እችላለሁ ወይ? ከየት ነው የሚጀመረው?" የሚል ነው። በተለይ በካምፕ ውስጥ በጤና ሠራተኛነት ወይም በአስተርጓሚነት የምታገለግሉ ልጆች ሳይኮሎጂ መማር እንደምትፈልጉ ትጽፉልኛላችሁ። እኔ ከካኩማ ወደ ሰሜን ቨርጂኒያ ከመጣሁ በኋላ ትምህርቴን በኮሚኒቲ ኮሌጅ ጀምሬ ወደ ዩኒቨርሲቲ ተዛውሬያለሁ። ስለዚህ መንገዱን በእግሬ ሄጄበት ነው የምጽፈው። ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አንድ ነገር በቅድሚያ ግልጽ ይሁን። የአሜሪካ የስደተኞች ቅበላ ፕሮግራም በጥር 2025 ታግዷል። ለ2026 የበጀት ዓመት የተቀመጠው ጣሪያም 7,500 ሰው ብቻ ነው። ይህን የምጽፈው ባዶ ተስፋ ለመስጠት አይደለም። ጉዳያችሁ ያለቀላችሁ፣ በቤተሰብ የምትሄዱ፣ ወይም እዚያ እህት ወንድም ያላችሁ እንድታውቁት ነው። እዚያው ካምፕ ሆኖ መጀመር ለሚፈልግም ከታች የተለየ ክፍል አለ።

ኮሚኒቲ ኮሌጅ ምንድን ነው?

የሁለት ዓመት የመንግሥት ኮሌጅ ነው። የመግቢያ ፈተና አይጠይቅም፤ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰ ሁሉ ይገባል። ሲጨረስ አሶሼት የሚባል ዲግሪ ይሰጣል፤ 60 ክሬዲት ገደማ ነው። ባችለር 120 ክሬዲት ስለሆነ ግማሹን መንገድ ኮሌጁ ላይ ትጨርሳላችሁ፤ የቀረውን ዩኒቨርሲቲ ላይ።

እኛ አገር "ኮሌጅ" ሲባል ማትሪክ ያልመጣለት የሚሄድበት ተደርጎ ስለሚታይ ብዙ ወላጆች ይከፋቸዋል። "ልጄ ዩኒቨርሲቲ አልገባም" ብለው ለዘመድ መናገር የሚያፍሩም አሉ። እዚህ ነገሩ ሌላ ነው። በመጨረሻ የምትቀበሉት ባችለር ላይ የሚጻፈው የዩኒቨርሲቲው ስም ነው፤ አራቱንም ዓመት እዚያ ከተማረው ሰው ዲግሪ ጋር አንድ ነው።

ትልቁ ልዩነት ዋጋው ላይ ነው። በ2024-25 የትምህርት ዓመት የመንግሥት ኮሚኒቲ ኮሌጅ አማካይ የዓመት ክፍያ 4,050 ዶላር ነበር። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለግዛቱ ነዋሪ 11,610 ዶላር ነበር። ይሄ የትምህርቱ ብቻ ነው፤ ቤት ኪራይና ምግብ አልገባበትም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ምን ይማራሉ?

ሳይኮሎጂ ሲባል የሰው ችግር ማዳመጥ ብቻ የሚመስለው ብዙ ነው። ትምህርቱ ግን ሳይንስ ነው። ኮሌጁ ላይ የምትወስዷቸው በጥቅሉ እነዚህ ናቸው፦

- የእንግሊዝኛ ድርሰት፣ ሁለት ኮርስ
- መግቢያ ሳይኮሎጂ
- የዕድገት ሳይኮሎጂ (ከሕፃንነት እስከ እርጅና)
- ስታቲስቲክስ
- ባዮሎጂ ከነላብራቶሪው
- ታሪክ፣ ሶሲዮሎጂ እና ሌሎች አጠቃላይ ኮርሶች

ከእነዚህ ውስጥ በሩ ስታቲስቲክስ ነው። ያለሱ የምርምር ዘዴ የሚባለውን ኮርስ መውሰድ አይቻልም፤ ያለ ምርምር ዘዴ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ላይ ከፍ ያሉት ኮርሶች አይከፈቱም። "ሒሳብ ሸሽቼ ነው ሳይኮሎጂ የመረጥኩት" የሚል ሰው እዚህ ላይ ይቸገራል። ስለዚህ ስታቲስቲክስን ለመጨረሻው ሴሚስተር አታቆዩት።

እንግሊዝኛችሁ ገና ከሆነ ኮሌጁ መጀመሪያ ፈትኖ የቋንቋ ኮርስ ውስጥ ሊያስገባችሁ ይችላል። ይሄ ውርደት አይደለም። ግን የቋንቋ ኮርስ አብዛኛውን ጊዜ ለዲግሪው አይቆጠርም፤ ጊዜና ገንዘብ ይወስዳል። ካምፕ እያላችሁ የምታጠኑት እንግሊዝኛ በቀጥታ ዶላር ነው የምላችሁ ለዚህ ነው።

ክሬዲት እንዳይባክን

ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው። ኮሌጅ ላይ ያለፋችሁት ኮርስ ሁሉ ዩኒቨርሲቲው ይቀበለዋል ማለት አይደለም። አንዲት የማውቃት ልጅ ሁለት ዓመት ተምራ ስትዛወር ስድስት ኮርስ አልተቆጠረላትም። ስድስት ኮርስ ማለት አንድ ሴሚስተር ከምናምን ነው። ማታ ሆቴል እያጸዳች የተማረችው ነበር። ይህ እንዳይደርስባችሁ አምስት ነገር አረጋግጡ።

1. የዲግሪውን ዓይነት እዩ። አሶሼት ኦፍ አርትስ እና አሶሼት ኦፍ ሳይንስ ለመዛወር የተሠሩ ናቸው። አሶሼት ኦፍ አፕላይድ ሳይንስ ግን በቀጥታ ሥራ ለመግባት ነው፤ ኮርሶቹ ብዙ ጊዜ አይዛወሩም። ችግሩ ስማቸው ይመሳሰላል፤ የሱስ ሕክምና ረዳት ወይም የማኅበራዊ አገልግሎት ዲግሪ ሳይኮሎጂ መስሎ ሊታይ ይችላል። ስትመዘገቡ "ይሄ ለመዛወር ነው ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። በብዙ ኮሌጆች የሳይኮሎጂ ተማሪ "ሶሻል ሳይንስ" በሚል ዲግሪ ሥር ሊመዘገብ ይችላል፤ አትደናገጡ።

2. የምትዛወሩበትን ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያው ዓመት ምረጡ። ከዚያ የሱን መስፈርት ይዛችሁ ኮርስ ምረጡ። በኋላ መቀየር ይቻላል፤ ያለ ዒላማ መሄድ ግን ውድ ነው።

3. በግዛታችሁ ያለውን ስምምነት እወቁ። በቨርጂኒያ የኮሚኒቲ ኮሌጆች ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር የተፈራረሙት የተረጋገጠ ቅበላ ውል አለ፤ የተባለውን ውጤት ካመጣችሁ መግቢያው የተጠበቀ ነው። ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ እና ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ በ2018 የጀመሩት አድቫንስ የሚባል ፕሮግራም ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን የአራቱን ዓመት ዕቅድ ይሰጣል። በሜሪላንድ አርትሲስ፣ በካሊፎርኒያ አሲስት የሚባሉ ድረ ገጾች የትኛው ኮርስ የት እንደሚቆጠር በነፃ ያሳያሉ። ካሊፎርኒያ በሳይኮሎጂ ለመዛወር ብቻ የተዘጋጀ አሶሼት ዲግሪ አላት። ሚኒሶታም የራሷ የሳይኮሎጂ መሸጋገሪያ አላት።

4. ውጤታችሁ ሲ እና ከዚያ በላይ ይሁን። ዲ ያገኛችሁበት ኮርስ ኮሌጁ ላይ ያሳልፍ ይሆናል፤ ለመዛወር ግን አብዛኛውን ጊዜ አይጠቅምም።

5. "ይዛወራል" እና "ለሜጀር ይቆጠራል" አንድ አይደሉም። ለምሳሌ የአእምሮ ሕመሞችን የሚመለከተው ኮርስ ኮሌጅ ላይም ይሰጣል፤ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲ ግን ተቀብሎት እንደ ተጨማሪ ክሬዲት ብቻ ይይዘውና እንደገና ውሰዱት ይላል። ዩኒቨርሲቲው ያለውን መልስ በኢሜይል በጽሑፍ ያዙ። የቃል መልስ ነፋስ ይወስደዋል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

በስደተኛነት የገባ ወይም ጥገኝነት የተፈቀደለት ሰው የፌዴራል የትምህርት እርዳታ መጠየቅ ይችላል። ግሪን ካርድ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና በመታየት ላይ ያለ ሰው ግን ለዚህ አይበቃም።

ማመልከቻው ፋፍሳ ይባላል፤ ነፃ ነው። በየዓመቱ ይሞላል። ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው ፔል ግራንት ይመጣል፤ በ2025-26 ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነው። በደንቡ እስከሄዳችሁ ድረስ አይመለስም፣ ብድር አይደለም። በብዙ ኮሚኒቲ ኮሌጆች ክፍያውን ሸፍኖ ለመጽሐፍም ይተርፋል።

ግን ገደብ አለው። ፔል በዕድሜ ልክ ለ12 የሙሉ ጊዜ ሴሚስተር ያህል ብቻ ነው። የማይቆጠር ኮርስ በወሰዳችሁ ቁጥር ከዚያ ላይ ይቀነሳል። ኮርስ እየጀመሩ ማቋረጥም እርዳታውን ያስቆማል። በእርዳታ ሕግ የሙሉ ጊዜ ማለት 12 ክሬዲት ነው፤ በሁለት ዓመት ለመጨረስ ግን 15 ያስፈልጋል። ለቤተሰብ ገንዘብ የምትልኩ፣ ሌሊት የምትሠሩ ከሆነ 12 ወይም ከዚያ በታች ወስዳችሁ በሦስት ዓመት ብትጨርሱ ከመውደቅ ይሻላል።

በብዙ ግዛቶች የነዋሪ ዋጋ ለማግኘት አንድ ዓመት መኖር ይጠየቃል። ካሊፎርኒያን የመሰሉ ግዛቶች ግን መጀመሪያ እዚያ ለሰፈረ ስደተኛ ይህን መጠበቅ አንስተውለታል። ጠይቁ።

ዲግሪው ምን ያሠራል?

እውነቱን ልንገራችሁ። ባችለር ይዛችሁ "ሳይኮሎጂስት ነኝ" ማለት አትችሉም። ለዚያ በአብዛኛው ዶክትሬት ያስፈልጋል። መድኃኒት የሚያዘው ሳይካትሪስት ደግሞ ሕክምና የተማረ ሐኪም ነው፤ መንገዱ ፈጽሞ ሌላ ነው። ፈቃድ ያለው አማካሪ ለመሆን ማስተርስ እና ከዚያ በኋላ በክትትል የሚሠራ ብዙ ሰዓት ይጠይቃል። በሶሻል ወርክ ማስተርስ ብዙ ጊዜ ሁለት ዓመት ነው፤ እሱም ወደ ምክር አገልግሎት ያስገባል።

በባችለር ብቻ የጉዳይ ተከታታይ፣ የአእምሮ ጤና ማዕከል ሠራተኛ፣ የትምህርት ቤት ረዳት፣ የስደተኞች ድርጅት ሠራተኛ መሆን ይቻላል። ደመወዙ ብዙ አይደለም። ይህን አውቃችሁ ግቡ።

ታዲያ ለምን? ምክንያቱም ሰው የለንም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው ግምት ግጭት ባለበት አካባቢ ከሚኖሩ አምስት ሰዎች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። የኛ ሰው ግን "ድባቴ አለብኝ" ብሎ አይመጣም። "ልቤን ጨነቀኝ"፣ "ራሴን ያቃጥለኛል"፣ "እንቅልፍ እምቢ አለኝ" ነው የሚለው። ይህ ቃል በቃል ሲተረጎም ሐኪሙ የልብ ምርመራ ሊያዝ ይችላል። እናትየዋ ምን ማለቷ እንደሆነ፣ ጠበል መሄዷንም ሳይንቅ የሚያዳምጣት አማርኛ የሚያውቅ ባለሙያ ሲኖር ግን ነገሩ ይለወጣል።

አሁን ካምፕ ሆናችሁ ምን ታደርጋላችሁ?

- ሰነዳችሁን ጠብቁ። የስምንተኛ፣ የአሥረኛ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ወይም የኬንያ ሁለተኛ ደረጃ ሰርተፍኬት ካላችሁ ፎቶ አንስታችሁ ለራሳችሁ ኢሜይል ላኩ። ስምና የልደት ቀን በሁሉም ሰነድ ላይ አንድ ይሁን። ሰርተፍኬቱ ጨርሶ ከጠፋ አሜሪካ ውስጥ ጂኢዲ የሚባለውን ፈተና ወስዶ ማካካስ ይቻላል።
- በነፃ ጀምሩ። ኦፕንስታክስ የሚያሳትመው የሳይኮሎጂ መማሪያ በነፃ ይወርዳል፤ ኔት ሲገኝ አንዴ አውርዳችሁ ከዚያ ያለ ኔት ታነቡታላችሁ። የስታቲስቲክስ መጽሐፍም አለው። ካን አካዳሚ ሒሳቡን ከመሠረቱ ያስተምራል።
- ሌላውን በር አትርሱ። በዩኤንኤችሲአር በኩል የሚሰጠው ዳፊ ስኮላርሺፕ ከ1992 ጀምሮ ስደተኞችን ባሉበት አገር ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። በካናዳ ደግሞ ደብልዩ.ዩ.ኤስ.ሲ. ከ1978 ጀምሮ ወጣት ስደተኞችን ስፖንሰር አድርጎ ዩኒቨርሲቲ ያስገባል፤ ከካኩማና ከዳዳብ የሄዱ ብዙ ናቸው። ማስታወቂያው ሲወጣ ቀኑ አጭር ስለሆነ ሰነዳችሁ አስቀድሞ ዝግጁ ይሁን።
- ገንዘብ አትክፈሉ። የዩኤንኤችሲአር አገልግሎት፣ ዳፊም ሆነ ፋፍሳ ክፍያ የለውም። "ስምህን አስገባልሃለሁ" ብሎ ብር የሚጠይቅ ሰው ሌባ ነው።

ጥያቄ ያላችሁ ስትጽፉልኝ ያላችሁበትን አገር፣ የጨረሳችሁትን ክፍል እና በእጃችሁ ያለውን ሰነድ ጥቀሱልኝ። የኬዝ ቁጥራችሁን ግን ለእኔም ሆነ ለማንም አትላኩ።