ገንዘብ በኢንተርኔት ከተሳሳተ ሂሳብ ሲተላለፍ ምን ማድረግ ይገባል?

ዛሬ በእስራኤል አብዛኛው የባንክ ሥራ የሚከናወነው በኢንተርኔትና በሞባይል ስልክ ነው። በየሰፈሩ የነበሩ ብዙ ስኒፎች ተዘግተዋል። ስለሆነም ቀድሞ በፔኪዱ እጅ ያልፍ የነበረው ሃዓቫራ (ገንዘብ ማስተላለፍ) አሁን የሚያልፈው በራሳችን ጣት ነው። ፔኪዱ «ከየትኛው ሔሽቦን ላውጣው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። የባንኩ ገጽ ግን ብዙውን ጊዜ አንዱን ሂሳብ ራሱ መርጦ ከላይ በትንሽ ጽሑፍ ያስቀምጥና ቀጣዩን ቁልፍ እስክንጫን ይጠብቃል።

አንድ ሂሳብ ብቻ ላለው ሰው ይህ ችግር አይፈጥርም። ነገር ግን በአንድ የይለፍ ቃል ብዙ ሂሳብ የሚታያቸው ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም። ባልና ሚስት የጋራ ሂሳብ ይኖራቸዋል፣ አንዱ ዓጽማኢ (በግሉ የሚሠራ) ከሆነ ደግሞ የሥራው ሂሳብ ለብቻው ይሆናል። በማኅበረሰባችን በብዛት የሚታየው ግን ሌላ ነው፦ ዕብራይስጥ ማንበብ ለሚያስቸግራቸው አባትና እናት የባንኩን ጉዳይ የሚፈጽመው ልጅ ወይም ሴት ልጅ ናት። በይፑይ ኮአሕ (ውክልና) የወላጆቹ ሂሳብ ከራሱ ሂሳብ ጎን ይቀመጥለታል። የእድር ወይም የማኅበር ገንዘብ ያዥ የሆነም እንዲሁ ነው።

ስህተት ሲደርስ በመጀመሪያ ሊለይ የሚገባው ገንዘቡ የት ደረሰ የሚለው ነው። ከራስ ሂሳብ ወደ ራስ ሂሳብ ከሆነ ያንኑ መጠን ወዲያው መልሶ ማስተላለፍ ነው፤ ሌላ ነገር አያስፈልግም። ከፒካዶን (ከቁጠባ) የወጣ ከሆነ ግን ቶሎ ወደ ባንኩ መደወል ይሻላል፤ ከቀኑ በፊት የተሰበረ ፒካዶን ወለዱን ሊያጣና በነበረው ውል ላይመለስ ይችላል።

ገንዘቡ የደረሰው ለትክክለኛው ሰው ሆኖ የወጣው ግን ከማይገባው ሂሳብ ከሆነ፣ ብዙዎች ደንግጠው «ሃዓቫራው ይሰረዝልኝ» ይላሉ። ይህ አላስፈላጊ ድካም ነው። የቤቱ አከራይ የሚገባውን ኪራይ ተቀብሏል፤ እርሱ የሚመልሰው ነገር የለም። የሚደረገው ከትክክለኛው ሂሳብ ተመሳሳይ መጠን ወደ ተሳሳተው ሂሳብ መተካት ነው። በሃዓቫራው ምክንያት ቦታ ላይ «ቲኩን ሃዓቫራ» ብሎ ከነቀኑ መጻፍ፣ የሁለቱንም አስማኽታ (የማረጋገጫ ቁጥር) ማስቀመጥ ይገባል። ዓጽማኢ የሆነ ሰው ወረቀቱን ለሮኤ ሔሽቦኑ ይስጥ፤ አለበለዚያ በዓመቱ መጨረሻ ያ ገንዘብ የሥራ ወጪ ነው ወይስ የቤት የሚል ጥያቄ ይነሳል።

በዚህ ዓይነት ስህተት ዋናው ጉዳት የሚመጣው ከጠፋው ገንዘብ ሳይሆን ባዶ ከቀረው ሂሳብ ነው። ማሽካንታው፣ የመብራቱና የጋኑ ሆራአት ኬቫዕ የሚወጣው ከጋራው ሂሳብ ነው እንበል፤ ከዚያ 4,000 ሸቀል በስህተት ቢወጣ በማግስቱ የሚቀርበው ክፍያ ገንዘብ ያጣል። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2006 ጀምሮ በባንክ ይስራኤል መመሪያ መሠረት ባንኮች ደንበኛው ከተፈቀደለት ሚስጌሬት (የብድር ጣሪያ) በላይ እንዲወርድ መፍቀድ የለባቸውም። ስለዚህ «ሚኑስ እገባለሁ እንጂ ይከፈላል» ብሎ መተማመን አይቻልም።

የተመለሰ ሆራአት ኬቫዕ ክፍያ ያስከትላል፤ በማሽካንታ ላይ ደግሞ የመዘግየት ወለድ አለ። የተመለሰ ቼክ ግን ከዚህ የከበደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው ሽፋን ስለሌላቸው ቼኮች በሚደነግገው ሕግ መሠረት በ12 ወር ውስጥ 10 ቼክ ከተመለሰና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቢያንስ 15 ቀን ካለፈ ሂሳቡ ለአንድ ዓመት ሙግባል (የታገደ) ይሆናል። አምስት ቼክ ሲመለስ ባንኩ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይልካል። ለአከራይ 12 ቼክ አስቀድሞ የሰጠ ሰው ይህን ማወቅ አለበት። በስህተት ሂሳቡ እንደጎደለ ያየ ሰው ቼኩ የሚቀርብበትን ቀን አይቶ በዚያው ቀን ገንዘብ ያስገባ፣ ካልቻለም ለስኒፉ ደውሎ ይንገር፣ አከራዩንም ያሳውቅ።

የወላጆች ሂሳብ ጉዳይ ለብቻው መነገር አለበት። የቢቱዋሕ ሌኡሚ የእርጅና ቂጽባ በየወሩ በ28ኛው ቀን ይገባል። ልጅ የራሱን ክሬዲት ካርድ ዕዳ ሊከፍል ብሎ ሳያስተውል ከአባቱ ሂሳብ ቢከፍል፣ ገንዘቡን በሰዓቱ ቢመልስም እንኳ ሌላው ወንድም ወይም እህት በኋላ በወረቀት ላይ የሚያየው የወጣውን ነው። በቤተሰብ መካከል መጠራጠር የሚገባው እንዲህ ነው። ስለዚህ ገንዘቡን መመለስ ብቻ ሳይሆን በዚያው ቀን ለአባት በቃል መንገር፣ ለወንድሞችም የሁለቱን ሃዓቫራ ወረቀት ማሳየት ይገባል። በፍርድ ቤት አፖትሮፖስ (ሞግዚት) ሆኖ የተሾመ ሰው ደግሞ ለአፖትሮፖስ ክላሊ በየዓመቱ ሪፖርት ያቀርባል፤ ያልተብራራ ወጪ እዚያ ይጠየቅበታል።

ሦስተኛውና አስቸጋሪው ገንዘቡ ለማይታወቅ ሰው ሲደርስ ነው። በእስራኤል ገንዘብ የሚሄደው በሦስት ቁጥሮች ነው፦ የባንክ፣ የስኒፍና የሂሳብ ቁጥር። ለምሳሌ ሌኡሚ 10፣ ዲስኮንት 11፣ ሃፖዓሊም 12፣ ሚዝራሒ ጠፋሖት 20 ነው። ስም ብንጽፍም መንገዱን የሚወስነው ቁጥሩ ነው። በሂሳብ ቁጥሩ ውስጥ ራሱን የሚፈትሽ አሃዝ ስላለ አንድ ቁጥር ቢሳሳት ብዙ ጊዜ ሥርዓቱ አይቀበለውም፤ የሌለ ሂሳብ ከሆነም ገንዘቡ ይመለሳል። እንግዲህ ተሳስቶ የሚያልፈው በአብዛኛው የተጻፈው ቁጥር ሳይሆን ከተቀመጡ ሙጣቪም (ተቀባዮች) ዝርዝር ውስጥ ሌላውን ስም መጫን ነው። ከዓመታት በፊት የተመዘገበ፣ ስኒፉ የተዘጋ ወይም ባንኩ የተቀየረ ተቀባይ ከዝርዝሩ ቢሰረዝ መልካም ነው። ለምሳሌ ባንክ ኢጉድን እ.ኤ.አ. በ2020 ሚዝራሒ ጠፋሖት ገዝቶታል። በስልክ ቁጥር በሚላክባቸው እንደ ቢት ባሉ መተግበሪያዎች ግን አንድ አሃዝ ሲሳሳት ገንዘቡ የሌላ ሰው ስልክ ዘንድ ሊደርስ ይችላል።

እንዲህ ሲሆን ወዲያው ለባንኩ መደወል ነው። ለወደፊት ቀን የታዘዘ ሃዓቫራ ከቀኑ በፊት ይሰረዛል። በማሳቭ (በባንኮች የጋራ የክፍያ ማዕከል) የሚያልፈውም ገና ካልተላከ ሊቆም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2007 ሥራ በጀመረው በዛሃቭ ሥርዓት የሄደ ግን ሲደርስ የመጨረሻ ነው፤ ትልልቅ ገንዘቦች በዚያ ስለሚያልፉ አፓርታማ የሚገዛ ሰው ቁጥሩን ከጠበቃው ጋር በድምፅ ይመርምር። ስህተቱ የላኪው ከሆነ ባንኩ ያለተቀባዩ ፈቃድ ከሰው ሂሳብ አያወጣም፤ ይጠይቅለታል እንጂ። የተቀባዩን ስምና አድራሻም በባንክ ምሥጢር ምክንያት አይሰጥም።

ሆኖም የተቀበለው ሰው ገንዘቡ የእርሱ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው ያለሕግ መበልጸግን የሚመለከተው ሕግ መመለስ እንዳለበት ይደነግጋል። እምቢ ካለ በትቪዖት ክጦኖት ፍርድ ቤት ያለ ጠበቃ መክሰስ ይቻላል፤ የገንዘቡ ጣሪያ በየጊዜው የሚታደስ ሲሆን ወደ 40 ሺህ ሸቀል ይጠጋል። ባንኩ ጉዳዩን ችላ ካለ አስቀድሞ ለራሱ ለባንኩ ኔጺቭ ትሉኖት ሀጺቡር (የአቤቱታ ክፍል) በጽሑፍ ማመልከት፣ ከዚያም በባንክ ይስራኤል ወዳለው የባንኮች ተቆጣጣሪ መሄድ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ አንተም በሌላው ወገን ልትገኝ ትችላለህ። ያልታወቀ ገንዘብ ሂሳብህ ገብቶ አንድ ሰው በስልክ «በስህተት ልኬብህ ነው፣ ወደዚህ ቁጥር መልስልኝ» ቢልህ አትላክ። ሊሆን የሚችለው የተሰረቀ ገንዘብ በአንተ በኩል ማሳለፍ ነው፤ በኋላ እውነተኛው ባለቤት ሲመጣ ሁለት ጊዜ ልትከፍል ነው። ገንዘቡን ሳትነካ ለባንክህ ንገር፤ ባንኩ ወደ መጣበት ሂሳብ ይመልሰው። በእንዲህ ያለ ጊዜ የተላከልህን የኤስ.ኤም.ኤስ. ኮድም ለማንም አትንገር። እውነተኛ ፔኪድ ኮድ አይጠይቅም።

ወደ ኢትዮጵያ ለዘመድ በባንክ ለሚልኩ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የእስራኤል ሂሳብ በኢባን ሲጻፍ 23 ፊደልና ቁጥር ሲሆን በውስጡ ስህተት የሚፈትሹ አሃዞች አሉት። የኢትዮጵያ ባንኮች ግን ኢባን አይጠቀሙም፤ የሚላከው በስዊፍት ኮድና በሂሳብ ቁጥር ነው። ስለሆነም የተቀባዩ ስምና ቁጥር ከባንክ ደብተሩ ተነብቦ ይጻፍ። የሸቀልና የዶላር (ማታሕ) ሂሳብ ያለው ሰው ደግሞ ከየትኛው እንደሚወጣ ከመፈረሙ በፊት ይመልከት። በስህተት ሸቀሉ ተመንዝሮ ከሄደ በኋላ ቢመለስ እንኳ በዕለቱ ምንዛሪ ነው፤ ልዩነቱና የባንኩ ዓምላ (የአገልግሎት ክፍያ) ከላኪው ላይ ይቀራል።